መክፈቻዎቹን ልጣላቸው ወይስ ልደብቃቸው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ደብረ ሲና ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትዳሬ ግን ደብረ ብርሃን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደብረ ሲና በተከራየኋት አንዲት ክፍል አድራለሁ፤ ዓርብ ማታ ታርማበርን ወጥቼ ወደ ባለቤቴና አብረውን ወደሚኖሩት እናቱ እመለሳለሁ።

ነገሬ ያስቅዎ ይሆናል። ዓምና ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ፣ መክፈቻው የሌለው ሰው ቁልፍ የሚከፍትባቸውን መሣሪያዎች አመጣልኝ። ጫፋቸው ቆልመም ቆልመም ያለ፣ በትንሽ የቆዳ ቦርሳ የተደረደሩ 12 ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። አብሮም ውስጡ ጥርት ብሎ የሚታይ የመለማመጃ ቁልፍ አለ። እሱ ባለበት አገር ይህ ማኅበርና ውድድር ያለው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው። እኔም ወደድኩት። ማታ የተማሪ ወረቀት አርሜ ስጨርስ አንድ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ፤ ፒኖቹ፣ ማለትም ቁልፉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ዘንጎች፣ አንድ በአንድ ቦታቸውን ሲይዙ በጣቴ ይሰማኛል፤ የዋለብኝ ሐሳብ ሁሉ ይጠፋል። ሰርቄ አላውቅም፣ የመስረቅ ሐሳብም የለኝም።

አሁን ግን ሦስት ነገር ተደራረበብኝ። በቀደም ዓርብ ኬላ ላይ ወርደን ስንፈተሽ ፖሊሱ የቆዳ ቦርሳዋን ከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ደንግጬ «የእህቴ ነው፣ የጥርስ ሐኪም ዕቃ ነው» አልኩት። አለፈኝ። እህት የለኝም። ቤት ስደርስ ነገሩን ለባለቤቴ ሳወራው አማቴ ሰሙ። ዕቃውን አይተው «የሌባ ዕቃ ከዚህ ቤት ይውጣ» ብለው አለቀሱ። ባለቤቴ ይስቃል፤ ለጓደኞቹም «ሚስቴ የማትከፍተው በር የለም» እያለ ያወራል። አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ደብቄዋለሁ። ሦስተኛው ደብረ ሲና ነው። አንዲት ተከራይ ጎረቤቴ የጓጉንቸሯ መክፈቻ ጠፍቶባት ከፈትኩላት። አከራያችን እትዬ ይህን ሰምተው፣ የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍል የጠፋ ተከራይ ክፍል እንድከፍትላቸው ለመኑኝ፤ ገንዘብም እሰጥሻለሁ ብለዋል። «የገዛ ቤቴ ነው፣ ማን ይጠይቀናል?» ይላሉ። ሰኞ መልስ ይጠብቃሉ።

መሣሪያውን መያዝ ወንጀል ነው? ይዞ መንገድ መሄድስ? ልጣለው? አማቴንና እትዬን ምን ልበላቸው? ለተማሪዎቼ በክፍል ባሳይስ?

ከደብረ ሲና፣ እንቅልፍ ያጣችው መምህርት

*

ውድ እህታችን፣

ከጻፍሽው ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ያ «የጥርስ ሐኪም ዕቃ ነው» የሚለው መልስሽ ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ጥያቄ እንየው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 26 ስለ መሰናዳት ይናገራል። ለወንጀል የሚሆን መሣሪያ ማግኘትና ሁኔታ ማመቻቸት በመደበኛው አያስቀጣም። የሚያስቀጣው ድርጊቱ በራሱ ወንጀል ተብሎ የተደነገገ ከሆነ ወይም ከክብደቱና ከሚያስከትለው አደጋ የተነሣ ሕጉ ለይቶ ወንጀል ካደረገው ነው። ይህ እንግዲህ ክፉ ሐሳብ ስላለው ሰው የተጻፈ ነው። አንቺ ጋ ያ ሐሳብም የለም። ያው ሕግ በአንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ፣ ማለትም የሕጉ ክልከላ፣ ድርጊቱ ራሱና የአድራጊው ጥፋተኛ ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት፣ ሦስቱም ተሟልተው ሲገኙ ነው ይላል። ቤትሽ ተቀምጠሽ የራስሽን የመለማመጃ ቁልፍ በራስሽ ብረት ስትከፍቺ የተጎዳ ሰው የለም፣ የታሰበም ጉዳት የለም። ብረቱ የሰው በር ውስጥ ያለ ፈቃድ ከገባ ግን ነገሩ ከመሰናዳት ወጥቶ አንቀጽ 27 ወደሚለው ሙከራ ሊሻገር ይችላል። ያን ጊዜ «ጨዋታ ነው» ማለት አያድንም።

ይህን ሰምተሽ ግን ቦርሳሽን አንግተሽ እንዳትወጪ። ሌላ ሕግ አለ። ፖሊስ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የቤት መስበሪያ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ነው። ያንቺ 12 ብረቶች መንገድ ላይ የሚታዩት በዚህ ዓይን ነው። አንቀጽ 26ን የሚያነበው ዳኛ ነው፤ አንቀጽ 51ን በእጁ የያዘው ኬላው ላይ የቆመው ፖሊስ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሁለት ሌሊት ጣቢያ ማደር ሊኖር ይችላል፤ በመጨረሻ ነጻ ብትወጪም ያደርሽበትን ሌሊት የሚመልስልሽ የለም። ስለዚህ «መያዝ» ስትይ ሁለቱን ለይተሽ አስቢ፦ ቤት ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድ ሌላ።

«ሕጋዊ ምክንያት» የሚባለው ደግሞ ብረቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ዙሪያውን አይቶ ነው ሰው የሚያምነው። ቁልፍ ቀራጭ ከሆንሽ ንግድ ፈቃድሽና ሱቅሽ ይናገሩልሻል። የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ የምትከፍቻቸው የራስሽ ቁልፎች ከነመክፈቻቸው አብረው ሲገኙ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንቺ የተያዝሽው ግን እንዴት ነበር? ዓርብ ማታ፣ ከከተማ ውጭ፣ የመለማመጃው ቁልፍ ሌላ ቦታ ቀርቶ ብረቶቹ ብቻ በእጅ ቦርሳ። ለእውነተኛው ምክንያትሽ የሚመሰክር አንድም ነገር አብሮሽ አልነበረም። በዚያ ላይ ውሸት ጨመርሽበት። ፖሊሱ «እህትሽን ደውይላት» ቢልሽ ኖሮ ምን ይውጥሽ ነበር? ያን ቀን የነበረሽ መከላከያ እውነቱ ብቻ ነበር፤ ቀድመሽ የጣልሽው እሱን ነው።

አትሸማቀቂ፤ በፍተሻ መሐል የደነገጠ ሰው የመጣለትን ይናገራል። ፖሊሱን ፈልገሽ ይቅርታ ልጠይቅ ብለሽም እንዳትደክሚ። ደግመሽ ብታገኚውና ቢያስታውስሽ «ያኔ ደንግጬ ነው፣ እውነቱ ይህ ነው» ማለት ይበቃል። ወደ ፊት ግን አንድ ነገር ያዢ፦ መናገር ካልፈለግሽ ዝም ማለት መብትሽ ነው፤ የሌለ ታሪክ መፍጠር ግን ራስሽን መጣል ነው።

በይነመረብ ላይ «ይህ በአብዛኛው አገር ይፈቀዳል» የሚሉ ቪዲዮዎችን ሳታዪ አትቀሪም። የሚናገሩት ስለ አገራቸው ነው። እዚያም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስርቆት ሕግ በክፍል 25 ለስርቆት የሚውል ዕቃ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ይዞ መገኘትን ወንጀል ያደርጋል፤ ቤትና መንገድ እዚያም ተለይተዋል። በአሜሪካ እንደየግዛቱ ነው፤ በብዙዎቹ ክፉ ሐሳቡን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ሲሆን፣ ቨርጂኒያን በመሰሉ ጥቂት ግዛቶች ግን ይዞ መገኘቱ ራሱ የሐሳቡ የመጀመሪያ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት መያዝን እስከ አንድ ዓመት እስራት ታስቀጣለች። ወንድምሽ ጀርመን ላይ በነጻነት የሚይዘውን ታርማበር ላይ በዚያው ልብ መያዝ አይቻልም።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? ኑሮሽ በሁለት ቤት የተከፈለ ነው፤ አደጋው የሚመጣውም በየሳምንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስታመላልሺው ነው። እኔ ብሆን አንድ ቦታ አስቀምጠው ነበር፤ ያም ቦታ ደብረ ሲና ያለችው ክፍልሽ ናት። ማታ ማታ የምትጫወቺው እዚያ ነው፤ አማትሽም ከቤት ይውጣ ብለዋል። አንድ የመጨረሻ ጉዞ ብቻ ይቀርሻል ማለት ነው።

ያንን ጉዞ በደንብ አዘጋጂው። ጓጉንቸር የሚገባበት ትንሽ የብረት ወይም የእንጨት ሣጥን ግዢ። ውስጡ 12ቱ ብረቶች፣ የመለማመጃው ቁልፍና የራሱ መክፈቻ፣ ሌሎች የምትለማመጂባቸው ቁልፎች ካሉም ከነመክፈቻቸው ይግቡ። ወንድምሽ ሲገዛ ደረሰኝ ተቀብሎ ከሆነ ፎቶውን ይላክልሽ፣ አትመሽ አስገቢው። የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ አይሁን፤ ከልብስሽ ጋር ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ዓርብ ማታውን ተዪውና በጠራራ ፀሐይ ሂጂ፤ ባለቤትሽ አብሮሽ ቢሄድ ደግሞ መልካም ነው። በዚያው ሻንጣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪና ጓንት አትጨምሪ። እያንዳንዳቸው ምንም አይደሉም፤ አንድ ላይ ሲወጡ ግን ፈታሹ የሚያነበው ሌላ ታሪክ ነው።

ሻንጣው ሊከፈት ሲል አንቺ ቅደሚ፦ «ሣጥኑ ውስጥ የቁልፍ መለማመጃ አለ። መምህር ነኝ፣ የራሴ ነው። ቁልፎቹም እነዚህ፣ መክፈቻዎቻቸውም እነዚህ ናቸው።» እዚህ ላይ አቁሚ። ካልጠየቁሽ ከፍተሽ አታሳዪ። ጓጉንቸር በአሥር ሰከንድ ሲከፈት ያየ ፖሊስ ከመረጋጋት ይልቅ ይደነግጣል። ልውሰደው ካለሽ በ12 ብረት አትከራከሪ፤ የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ተጽፎ እንዲፈረምበትና የትኛው ጣቢያ እንደሚቀመጥ እንዲነገርሽ በትሕትና ጠይቂ። ጣቢያ እንሂድ ከተባለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለልሽ፦ የተያዝሽበት ምክንያት በምትረጂው ቋንቋ ይነገርሻል፣ ዝም የማለት መብት አለሽ፣ ከመጓጓዣው ጊዜ ውጭ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርቢያለሽ። ለባለቤትሽ ይደወልለት፤ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የቤትና የአካል ፍተሻን የሚመለከተው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነው፤ ከላይ ከጠቀስኩት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 26 ጋር ቁጥሩ መግጠሙ አያምታታሽ።

ሣጥኑ ደብረ ሲና ከደረሰ በኋላ እዚያው ይቀመጥ። ማንም እንዳያየው ብለሽ ከፍራሽ ሥር አትደብቂው፤ የተደበቀ ዕቃ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ተደበቀ?» ነው። መደርደሪያ ላይ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ባለቤትሽም የት እንዳለ ይወቅ። ወንድምሽ ተጨማሪ ላምጣልሽ ካለ ግን የመኪና በር መክፈቻዎችን፣ በምላጭ እንደ ሽጉጥ የሚሠሩትንና እየተመቱ የሚከፍቱ የተሞረዱ ቁልፎችን አይሞክራቸው። ለጣት ጥበብ የሚጨምሩት ነገር የለም፤ ጥርጣሬን ግን ይጨምራሉ።

የእትዬ ጉዳይ አጭር መልስ አለው፤ አትክፈቺ። ቤቱ የእሳቸው መሆኑ እውነት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን የተከራዩ ነው፤ ኪራዩ በሕግ መንገድ እስኪቋረጥም መኖሪያው የሱ ነው። የሰው መኖሪያ መድፈርን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 ይመለከተዋል፤ ባለቤት ነኝ ያለ ሰው አዘዘኝ ማለት ከዚያ ማምለጫ አይሆንም። ሌላውን ደግሞ አስቢው። ልጁ ከወር በኋላ መጥቶ «ወርቅና ገንዘብ ነበረኝ» ቢልስ? በሩን ሳይሰበር የከፈተች፣ ገንዘብ የተቀበለች፣ ኬላ ላይ ስለ መሣሪያዋ የዋሸች መምህርት አንድ ሰው ብቻ ናት። አንቀጽ 665 ስለ ስርቆት ነው፤ ንጹሕ ብትሆኚም እሱን ስትከላከዪ መክረም አትፈልጊም።

እትዬን ግን አታሳፍሪያቸው፤ የሁለት ወር ኪራይ ለእሳቸው ቀላል አይደለም። ሰኞ እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ ልረዳዎት ብፈልግም ይህን በር እኔ ብከፍተው ሁለታችንም እንከሰሳለን። ውሉን ይዘው ቀበሌ ይሂዱ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ያመልክቱ። ይከፈት ከተባለ ፖሊስና የሰፈር ሰው ባሉበት ፈቃድ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ይክፈተው፤ ያለው ዕቃም ተቆጥሮ ይጻፍ።» ማመልከቻ መጻፍ የሚከብዳቸው ከሆነ ጻፊላቸው። ከበሩ ይልቅ በዚያ ብትረጂያቸው ይሻላል።

ለጎረቤትሽ የከፈትሽው ጓጉንቸር ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ባለቤቲቱ ቆማ ለምናሻለች። ነገር ግን የዚህ ጨዋታ ሰዎች በየአገሩ የሚጠብቋቸው ሁለት ደንቦች አሉ፦ የራስህ ያልሆነውን አትንካ፣ የራስህም ቢሆን በሥራ ላይ ያለውን አትንካ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይገባው ነው፤ ምክንያቱ ግን ሕግ ብቻ አይደለም። ፒኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ናቸው፤ ብረቱ ከናሱ ይጠነክራል፣ እየፈተገ ይበላዋል። ከመጠን በላይ ስትጫኚ ከሥሩ ያሉት ሞላዎች ይጣመማሉ፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ራሱ መንከስ ይጀምራል። የቀጭኑ ብረት ጫፍ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ደግሞ ሲሊንደሩ፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበት የቁልፉ አካል፣ ተቀይሮ ነው የሚያበቃው፤ ሰዎቹም ደጅ ያድራሉ። ስለዚህ የቤትሽን በርም ቢሆን አትለማመጂበት። ከአሁን በኋላ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ቁልፍ ቀራጭ ጥሪ በይ። ሕፃን ውስጥ ተቆልፎበት ወይም ምድጃ እየነደደ ከሆነ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜም ባለቤቱና ሁለት ሰው በተገኙበት አድርጊው፣ ገንዘብም አትቀበዪ። ገንዘብ መቀበል ከጀመርሽ ጨዋታው ንግድ ሆነ ማለት ነው፤ ንግድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ምዝገባና ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሙያ ላድርገው ካልሽ ያ መንገድ ክፍት ነው፤ ጅማሬው ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሁን።

አሁን ወደ አማትሽ። «የሌባ ዕቃ» ያሉት አንቺን ሌባ ለማለት ይመስልሻል? እኔ እንደማነበው የፈሩት ሌላ ነው። ነገ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ቢዘረፍ፣ የመጀመሪያው ጣት ወደ ማን ይቀሰራል? ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ባለቤትሽ ደግሞ በየመጠጥ ቤቱ «ሚስቴ የማትከፍተው በር የለም» እያለ ያንን ጣት እያዘጋጀው ነው። ይህን ቀልድ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያቆም ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገሪው። ስቆ ሊያልፈው ይሞክራል፤ ኬላው ላይ ምን እንደተሰማሽ፣ እጅሽ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ንገሪው። ይህን ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ ታሪኩን አንቺም እየሳቅሽ ነው ያወራሽለት?

ከእናቱ ጋር መነጋገሩን እሱ ይጀምር፤ ልጃቸው ነው። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ በሌለበት። ብረቶቹን አታውጪ። የሚታየውን የመለማመጃ ቁልፍ ብቻ ከራሱ መክፈቻ ጋር በእጃቸው ስጫቸው፤ አስገብተው ያዙሩት፣ ፒኖቹ ሲነሡና ሲወርዱ ይዩ። ከዚያ «እማማ፣ ምኑ ነው ያስፈራዎት?» ብለሽ ጠይቂና እስኪጨርሱ አዳምጪ። ሕጉን አታስረጂያቸው፤ አንቀጽ ሲሰሙ ነገሩ ጭራሽ ከባድ ነው ብለው ያስባሉ። ዕቃው ከቤታቸው እንደሚወጣ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ለሰው በር እንደማትነኪበት ንገሪያቸው። ይህን ሰምተውም ካላመኑሽ የሣጥኑን ሁለተኛ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ይህን የምልሽ ግን ከልብሽ ከተቀበልሽው ነው፤ አዋቂ ሴት ነሽ፣ እንደ ቅጣት ከተሰማሽ ተዪው።

ልጣለው ወይ ብለሻል። ብትጥዪው ምን ይጎድልሻል? ያቺ የማታ ሰዓት ከሆነች፣ ሙሉውን ሳትጥዪ የምታተርፊበት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው ግን ከሁሉ የማያጣላ መንገድ ይህ ይመስለኛል። ቁልፍን በራሱ መክፈቻ ፈትቶ መገጣጠም። ከዕቃ መሸጫ ርካሽ የበር ሲሊንደር ከነመክፈቻው ግዢ። መሐሉ ላይ ያለችውን ክሊፕ በጥንቃቄ አውጪ። መክፈቻውን አስገብተሽ ጥቂት አዙሪ፤ ከዚያ የሚዞረውን የውስጥ ክፍል በወፍራም የእንጨት ዘንግ እየገፋሽ በሌላው በኩል አውጪው። ዘንጉ ከውስጡ ክፍል ጋር ተመሳሳይ ውፍረት ይኑረው፤ በብዙዎቹ የበር ሲሊንደሮች 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጭን ዘንግ ከተጠቀምሽ ወይም በመሐል ክፍተት ከተውሽ የላይኞቹ ፒኖችና ሞላዎች ተፈናጥረው ይወጣሉ፣ ከወለል ስትለቅሚ ታመሻለሽ። አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ፒን ታገኚያለሽ፤ በእንቁላል ማስቀመጫ ላይ በተራ ደርድሪያቸው። ተራቸው ከተምታታ መክፈቻው አይሠራም፤ የትኛው ርዝመት ከየትኛው የመክፈቻ ጥርስ ጋር እንደሚገጥም ራስሽ አስልተሽ መመለስ ይኖርብሻል። ለፊዚክስ መምህር ይህ ራሱ ጨዋታ ነው። ለዚህ ሥራ ከ12ቱ ብረቶች አንዱም አያስፈልግሽም፤ ኬላ ላይ ቢታይም የተፈታ የበር ቁልፍ ነው።

ብረቶቹንም ማቆየት ከፈለግሽ ሲሊንደሩን ከእንጨት ጣውላ ጋር በብሎን እሰሪው፤ የእነዚህ ሲሊንደሮች ማሰሪያ ቀዳዳ 5 ሚሊ ሜትር ብሎን ይቀበላል። ጣውላ ላይ የታሰረ ቁልፍ መለማመጃ መሆኑን ለገባ ለወጣው ሁሉ ራሱ ይናገራል፤ እጅሽንም ያሳርፍልሻል። በመጨረሻ መጣሉን ከመረጥሽ ደግሞ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እንዳለ አትወርውሪው። የሰፈር ልጆች ያነሡታል፣ ሲያዙም ከየት አገኛችሁት ይባላሉ። በፒንሳ አጣጥፈሽና ቆራርጠሽ ጣዪው፣ ወይም ወንድምሽ ሲመጣ ይመልሰው።

ለተማሪዎችሽ የሚታየውን የመለማመጃ ቁልፍ ከመክፈቻው ጋር ብቻ አሳዪ፤ ሞላን፣ ሰበቃንና የፒኖቹን መሰለፍ ለማስተማር ከበቂ በላይ ነው። ለርእሰ መምህሩ ቀድመሽ ንገሪ። ብረቶቹ ግን ትምህርት ቤት ግቢ አይግቡ፤ የቤተ ሙከራ ቁልፍ ጠፋ ሲባልም እጅሽን አታውጪ።

አንድ ነገር ይቀራል። እዚህ የጻፍኩልሽ መንገዱን እንድታዪበት ነው፤ ጠበቃን አይተካም። ደብረ ብርሃን በምትሆኚበት አንድ የሥራ ቀን ፈቃድ ወስደሽ ጠበቃ አማክሪ፣ ወይም የዞኑ ፍትሕ መምሪያ ሄደሽ ጠይቂ። ጥያቄዎቹን ጽፈሽ ሂጂ። የመጀመሪያው፦ በወንጀል ሕጉ ሦስተኛ ክፍል፣ በደንብ መተላለፉ፣ ቁልፍንና መክፈቻን የሚመለከት ድንጋጌ አለ ወይ? ትንንሽ የሚመስሉ ጉዳዮች የሚገኙት እዚያ ነው፤ ያንን ሳያይ «ምንም የለበትም» የሚልሽን ጠበቃ ድገም በይው። ሁለተኛው፦ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 51 ላይ የመጣ ለውጥ አለ ወይ? ሦስተኛው፦ የክልሉ ወይም የከተማው ደንብ፣ ወይም በወቅቱ የጸና የጸጥታ መመሪያ፣ መንገድ ላይ ዕቃ ስለመያዝ የሚለው አለ ወይ? መልሱን ከነቀኑና ከሰጠሽ ሰው ስም ጋር በማስታወሻ ጻፊና አንዱን ቅጂ ከብረቶቹ ጋር ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጪው። የመጨረሻውን ጉዞ የምታደርጊው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ እስከዚያ ሣጥኑ ደብረ ብርሃን፣ ከጋቢው ሥር ወጥቶ፣ ባለቤትሽ በሚያውቀው ቦታ ተቆልፎ ይቆይ።